የመኩሪያ መስመር

ጌጤነሽ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ ከተደረደረው የእንግዳ ጫማ መሀል የራሷን ትፈልጋለች። አንዱን አግኝታ ሁለተኛውን ከአንድ ትልቅ ቡት ሥር ስትጎትት ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው፤ የሟች ባሏ የመኩሪያ ታላቅ እህት። ማክሰኞ ማታ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከባተርሲ መጥተው ቤቱን ተረክበዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሻይ እንደሚያፈላ እሳቸው ናቸው የሚወስኑት።

«ኳስ ሜዳ» አለች ጌጤነሽ። «ዛሬ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ለመኩሪያ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ያደርጋሉ። እዚያ መገኘት አለብኝ።»

«ባልሽ ሳይቀበር ከቤት ልትወጪ? ሰው ምን ይላል?»

ጌጤነሽ ጫማዋን እንደያዘች ቆመች። ሳይቀበር የሚለው ቃል ሰልችቷታል። መኩሪያ የሞተው ሥራ ቦታው፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ድንገተኛ ስለሆነ አስከሬኑ መመርመር አለበት ተባለ። በየቀኑ ወደ መርማሪው ቢሮ ትደውላለች፤ በየቀኑ ሌላ ሰው ያነሣል፤ ሁሉም የባሏን ስም ፊደል በፊደል እንድትነግራቸው ይጠይቃሉ። ቀብሩ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ሦስትም ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ቢሆን እስካሁን ተቀብሮ፣ ሠልስቱም ወጥቶ ነበር። ሐዘንተኛ ከቀብር በፊት ደጅ አይወጣም ብለው ሶፋው ላይ አስቀምጠዋታል፤ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። የሚመጣው ሰው ሁሉ «ምን ነበር ያመመው?» ይላታል። «ምንም» ትላለች። እንደገና ሌላው ይገባል፣ እንደገና «ምንም»።

መኩሪያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ ጠዋት ከቤታቸው ከሃርልስደን ተነሥቶ ስክራብስ ሜዳ ይሄድ ነበር፤ የሐበሻ ልጆች ቡድን እዚያ ይጫወታል።

«አትጫወት፣ አታሠለጥን፣ ታዲያ ምን ትሠራለህ?» ትለው ነበር።

«መስመር እጠብቃለሁ» ይላታል።

እሷና ልጃቸው ኤዶም ቤተ ክርስቲያን ይቀድማሉ። እሱ ስብከቱ ከተጋመሰ በኋላ ጭቃ በነካ ጫማ ይገባና ከኋላ ይቀመጣል። ሰው ዞር ብሎ ሲያየው ጌጤነሽ መጽሐፍ ቅዱሷ ላይ ታቀረቅራለች። ኳስን ከልቡ እንዲያወጣለት ስንት ጊዜ ጾማ ጸልያለች። ያለፈው እሑድ በር ላይ ቆሞ፣ «ዛሬ ፀሐይ ነው፤ ነይና አንዴ እይው» አላት። «ምኑን? ሣሩን?» አለችው። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት የቡድኑ አምበል ቤኪ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አጠገቧ ተቀምጦ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያሽከረክር ነበር።

«ማዘር፣ ያንን ሥራ ማንም አይፈልገውም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኛ ሊግ ውስጥ ዳኛው አንድ ብቻ ነው። ለመስመሩ ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ባንዲራ ይይዛል። ሁሉም ለራሱ ቡድን ያጭበረብራል። ጋሽ መኩሪያ ብቻ ነው እምቢ ያለው።»

«እንዴት እምቢ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት ዋንጫው ላይ፣ ሊያልቅ ሲል ጎል አገባሁ። ሁላችንም ሜዳው ላይ ተደራርበን እየጨፈርን ቀና ስንል ጋሼ ባንዲራውን አንሥቷል። ኦፍሳይድ። የራሳችን ሰው። ዋንጫው በዚያው ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ሰደብነው። ወር ሙሉ ሰላም ያለው የለም። እሱ ግን በየእሑዱ ከሁላችን ቀድሞ ይመጣል፣ መረቡን ያስራል። በኋላ ቪዲዮውን አየሁት። ከተከላካዩ አልፌ ነበር፤ ይህችን ታህል።» በሁለት ጣቶቹ አሳያት። «አየሁት ብዬ አልነገርኩትም።»

ጌጤነሽ ያን ወር ታስታውሰዋለች። መኩሪያ ራቱን ዝም ብሎ ይበላ፣ ዝም ብሎ ይተኛ ነበር። ሥራ ቦታ የሆነ ነገር ገጥሞት ነው ብላ አሰበች። ምን ሆነህ ብላ አልጠየቀችውም።

«ማሚ ብትሄድ ምን ችግር አለው?» አለች አሁን ኤዶም፣ ከመኝታ ቤቷ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብላ። «ሲሪየስሊ፣ ባሏ እኮ ነው።»

«አንቺ ዝም በይ። እዚህ የተወለደ ለቅሶ አያውቅም» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ። «ደግሞ ለኳስ! ቤተ ክርስቲያን እንኳ ብትል።»

«ቤተ ክርስቲያን ብል ይፈቅዱልኝ ነበር?»

«አልፈቅድም። ፓስተሩ እዚህ ይመጣል እንጂ።»

ሳሎን ከተቀመጡት መካከል ሽማግሌው ጋሽ ገብረ መድኅን አሉበት። ከአርችዌይ በሁለት ባስ እየመጡ አንድም ቀን ያልቀሩ ሰው ናቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ።

«ሐዘንተኛ ብቻዋን አትወጣም። እውነት ነው» አሉ።

ጌጤነሽ ጫማውን መሬት ላይ ለቀቀችው።

«ስለዚህ ብቻዋን አትሄድም። ኮቴን አምጡልኝ።»

«እንዴ ጋሽ ገብረ መድኅን፣ የለቅሶ ቤት ዘግተን?»

«ፀሐይወርቅ፣ ለቅሶ የምንደርሰው ለሰው ነው ወይስ ለሶፋ?»

ሃያ ሦስት ሰው በአንድ ጠባብ ኮሪደር ጫማውን ፈለገ። አንዷ የሌላዋን የግራ ጫማ አድርጋ ደረጃውን ወርዳ ተመለሰች። ባስ ላይ የአንዱ ካርድ አልሠራ አለ። መንገዱ ተቆፍሮ አንዱ መስመር ተዘግቷል፤ ባሱ ቆመ፣ ትንሽ ሄደ፣ ደግሞ ቆመ።

«ወርደን በእግር እንሂድ» አለች ጌጤነሽ።

«ጋሽ ገብረ መድኅን አይችሉም» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

ጌጤነሽ የኤዶምን ስልክ ወስዳ ሰዓቱ ሲቀየር ታይ ጀመር። አራት ተኩል ሆነ። አራት ተኩል አለፈ።

ሲደርሱ ልጆቹ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ይሮጣሉ። ኤዶም ተቀያሪዎቹን ጠይቃ ተመለሰች።

«ጨርሰዋል፣ ማሚ። ቅድም ነው።»

ጌጤነሽ መስመሩ ዳር ቆመች። በጫማው፣ በመንገዱ፣ በስልኩ፣ በእትዬ ፀሐይወርቅ ተናደደች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነይ ሲላት ባልመጣችው በራሷ ግን ከሁሉም ይልቅ። በመኩሪያ ቦታ አንድ ወፍራም ሰው ባንዲራ ይዞ እያለከለከ ይመላለሳል። ባነሣ ቁጥር ከወዲያ ማዶ ይሰድቡታል።

«ወንድሜ የሚሠራው ይኼንን ነው?» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ።

«ይኼንን ነው።»

«በዚህ ብርድ ሊሰደብ ነው የሚመጣው?»

ኳሷ ከሜዳ ወጥታ እየተንከባለለች የጌጤነሽ እግር ሥር መጥታ ቆመች። ጎንበስ ብላ አነሣቻት። እርጥብ ናት፤ ካሰበችውም ትከብዳለች። ከተቃራኒው ቡድን አንድ ቀይ ማልያ የለበሰ ሰው ሮጦ መጥቶ እጁን ዘረጋ። መስጠት እንዳለባት ታውቃለች። ግን ኳሷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻት።

ሰውየው ጥቁር ልብሷን አየ፤ ከኋላዋ የቆሙትን አየ፤ እጁን አወረደ። ቤኪ ቆመ። ከዚያ ሌሎቹም ቆሙ። ዳኛው ሰዓቱን አይቶ ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደ፣ ሳይነፋ መልሶ አወረደው። ጋሽ ገብረ መድኅን ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ ፀሐይወርቅ ክንዷን ያዟት። ከመንገዱ ከሚሰማው የመኪና ድምፅ በቀር ሜዳው ጸጥ አለ።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ያስቸኮላትም የለም። ሲበቃት እስከ ነጩ መስመር ሄዳ ኳሷን ለባለ ቀይ ማልያው ሰጠችው።

«ይኸው» አለችው በአማርኛ።

ሰውየው ራሱን ዝቅ አድርጎ በሁለት እጁ ተቀበላት።