የሸጋ ገብስ

ባዝራዋን ሸጋ ብሎ የሰየማት ባሌ አየነው ነው። እኔን በአሥራ ሰባት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ ሸጋ ብሎኝ አያውቅም። ጠዋት ተነስቶ ከእኔ በፊት የሚያያት እሷን ነው። ጋማዋን ሲያበጥር ያረፍዳል፤ የእኔ ፀጉር መሸበቱን ግን የነገርኩት እኔው ነኝ። በፈረስ ቀናች ይበሉኝ፤ አዎ፣ ቀንቻለሁ።

በ2008 ለጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ሲያለማምዳት እግሩን ረገጠችው። ስሟ በክፉ እንዳይነሳ ብሎ ቁስሉን ደብቆ ከረመ። እግሩ ጠቁሮ መሽተት ሲጀምር ከጎረቤት ጋር ተረዳድተን ከዘንገና በቃሬዛ እንጅባራ ሐኪም ቤት አደረስነው። ከጉልበቱ በታች ካልተቆረጠ እንደማይተርፍ ነገሩት።

«አይቆረጥም» አላት ነርሷን። «በአንድ እግሬ ከምኖር በሁለቱ ልቀበር።»

ነርሷ ቃሉን ካርዱ ላይ ጻፈች። እሱ ወደ እኔ ዞረና «ለሸጋ ገብስ ሰፈርሽላት?» አለኝ። አንቺና ልጆቹ ምን ትሆናላችሁ አላለም።

ከሰዓት በኋላ ራሱን ሳተ። ዶክተር ብሥራት ተረኛ ሆኖ ሲገባ ካርዱን አነበበና ወደ ውጭ ጠራኝ።

«እህቴ፣ ልቦናው እያለ እምቢ ያለን ሰው ልቆርጥ አልችልም፤ ሕጉም አይፈቅድልኝም። በትኩሳት ሲቃዥ ተናግሮት ከሆነ ግን ፈቃዱን ካንቺ እቀበላለሁ። ጠዋት አብረሽው ነበርሽ። እንዴት ነበር?»

እንደ ዳኛ ረግቶ ነበር የተናገረው። ልቦናው ነበረ ካልኩ መሞቱ ነው፤ የሚሞተውም ለሸጋ ሲል ነው። የበለጠ ያንገበገበኝ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ይቃዥ ነበር» አልኩ። «ስለ ፈረስ ነበር የሚያወራው።»

አውራ ጣቴን ቀለም አስነክተው አስፈረሙኝ።

ተረፈ። ቤት ሲውል የእኔ ይሆናል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሸጋን ደጃፍ ላይ አስሮ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጋማዋን ሲያበጥር ይውላል። በዓመቱ የጥር ጊዮርጊስ ዕለት ፈረሰኞቹ በደጃችን እየጨፈሩ ሲያልፉ እሷ ገመዷን ወጠረች፤ እሱ አንገቷን ያዘ።

«ማናየሽ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ያን ጠዋት ልቦናው አልነበረም አልሻቸው?»

«አልነበረማ።»

«ስለ ገብሷ ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

ቁናውን አነሳሁና ለሸጋ ገብስ ልሰፍርላት ወደ ጓዳ ገባሁ።