በቀብር መንገድ ላይ የተደረገ ቃለ መጠይቅ

ፍቅርተን የመሰለች እህት ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም፤ ካላመናችሁ ብዙነሽን ጠይቁ። ብዙነሽ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር እህል ትነግዳለች። ምላሷ ስለት ነው፤ የታናሿ ነገር ሲነሳ ግን እንደ ቅቤ ትቀልጣለች። «የእኔ እህት እኮ ማዘጋጃ ቤት ቁጭ ብላ የከተማውን ካርታ ነው የምትስል!» ሳትል የሸጠችው ጤፍ የለም።

ዘንድሮ ፍቅርተ አዲስ አበባ ገብታ በከተማ ፕላን ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አመለከተች። ማመልከቻው አለፈላት። የቀራት በስልክ ቪዲዮ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው፤ አርብ፣ አምስት ሰዓት ላይ። እሱን ካለፈች ትማራለች፤ ካላለፈች ሕልሟ ለከርሞ ያድራል።

አርብ ማለዳ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጎረቤታቸው እማማ ዘነበች አርፈዋል። የእነ ብዙነሽ እናት የሞተች ጊዜ ድንኳኑ እስኪነሳ ወደ ቤታቸው ያልገቡ ሴት ናቸው። ቀብራቸውም ልክ በቃለ መጠይቁ ሰዓት ሆነ። ፍቅርተ ደውላ ቀን ይቀየርልኝ ብትል፣ «የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው» ተባለች።

«አንቺ ቤት ዘግተሽ ተቀመጪ» አለች ብዙነሽ። «እኔ ለሁለታችንም አለቅሳለሁ።»

«ልቅሶ በውክልና ይሆናል እንዴ እታለም?» ፍቅርተ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ስልኳን ጨብጣ ወጣች።

አስከሬን ከቤት ወጥቶ ቤተክርስቲያን እስኪደርስ በየመንገዱ እያረፈ ነው የሚሄድ፤ በየማረፊያው ካህናቱ ፍትሐት ያደርሱለታል። ጠባቧ መተላለፊያ ላይ ሲደርሱ ቄስ ሀብተማርያም «አሳርፉ» አሉ። የት ይረፍ? ግራው አጥር፣ ቀኙ አጥር። ጎረምሶቹ እንደተሸከሙ ቆሙ። ፍትሐቱ ሲደርስ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ስልኩ የጮኸው ይኼኔ ነው። ብዙነሽ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች። ፍቅርተ ወደ ኋላ ቀረት ብላ አነሳችው። ሦስት መምህራን ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ታዩ።

«ቀብር ላይ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለቻቸው።

«እንግዲያው ባጭሩ» አሉ ሽማግሌው መምህር። «የከተማሽ ዋና ችግር ምንድን ነው?»

ብዙነሽ እህቷ ሰሞኑን ስታጠናው የሰነበተችውን ጠበቀች፤ ስለ አስፋልቱ፣ ስለ ፎቁ። ፍቅርተ ያን ሁሉ ተወችው።

«እኛ ከተማ ሰው ሞቶ እንኳ የሚያርፍበት ቦታ አጣ» አለች።

የሟቿ ልጅ ወርቁ ዞር አለ። በቃ፣ ጉዳችን ፈላ አለች ብዙነሽ በሆዷ።

«አሳዪአቸው!» አለ ወርቁ እንባውን እየጠረገ። «እናቴ ትከሻ ላይ እንደቀረች ይዩ!»

ፍቅርተ ስልኩን ወደ አስከሬኑ አዞረች።

«ይህን መንገድ ማን አጠበበው?» ሲሉ ጠየቁ ሽማግሌው። «ማዘጋጃ ቤቱ ነው?»

«የለም ጌታዬ። ያ አጥር የእኛ ነው። ቦታው ሰፊ ማረፊያ ነበር፤ አምና እኔና እህቴ ነን አጥሩን የገፋነው። ካርታ ስስል የምውል ሴት፣ ካርታው ላይ ምንም ስላልተጻፈ ባዶ መሬት መሰለኝ።»

የሰፈሩ ዓይን ሁሉ ብዙነሽ ላይ አረፈ። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ከሐፍረቷ ይልቅ ግን የልጅቱ ነገር ገረማት። የተመኘችው ሁሉ እጇ ላይ ባለበት ሰዓት፣ ሰውየው ራሳቸው ማምለጫ ሲያቀብሏት፣ አልፈልግም ብላ እውነቱን ተናገረች። ብዙነሽ ብትሆን ማዘጋጃ ቤቱን ከነአጥሩ ትከስ ነበር! ይህችን ልጅ ያሳደግሁት እኔ ነኝ ወይ? አለች።

«ነገ ይፈርሳል!» ብላ ጮኸች፣ ቄሱ ገልመጥ እስኪያደርጓት።

ሽማግሌው መምህር ከወንበራቸው ተነሱ። ሁለቱ መምህራንም ተከትለው ተነሱ። ፍትሐቱ እስኪያልቅ፣ እዚያው አዲስ አበባ ሆነው፣ ለማያውቋቸው እማማ ዘነበች ቆሙ።

«ሂጂ ቅበሪ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። «መስከረም ላይ እንጠብቅሻለን።»

ፍቅርተ ስልኳን ብብቷ ከትታ አስከሬኑን ለመከተል ሮጠች። ብዙነሽ «እሰይ እህቴ!» ብላ እልል ማለት አማራት፤ ቀብር ላይ እልልታ የት አባቱ! ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ድምጿን ለቃ አለቀሰች። ማንም ምን ሆንሽ አላላትም።