በአፏ ላይ ያለፈው ጭረት

ሰዓሊዋ ሕሊናዋን ስታ ወድቃ ከተነሳች ወዲህ ቃል አይወጣትም። "ኦፕራሲዮኑ ይሁን?" ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች፤ "ይቅርብሽ?" ሲሏትም ያው ትነቀንቃለች። ሐኪሙ ባሏን ኮሪደር ላይ ይዞ፣ "አባባ፣ ጭንቅላቷ ከተከፈተ ወይ መናገር ትችላለች፣ ወይ በዚያው ታሸልባለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁርጡን ይንገሩኝ" አለው። ቁርጡን ከየት አባቱ ያምጣው?

ተስፋው አንድ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ስላላት፣ በግራ እጇ እየጠቆመች መሮና ጣውላ ጠይቃዋለች። ሠላሳ ዓመት እሷ እንጨት ላይ ፊት ስትቀርጽ፣ እሱ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ሲያትም የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ‘በአፏ ያቃታትን በእንጨት ልትነግረኝ ነው’ ብሎ ደስታው ወሰን አጣ። ዛሬ ረፋድ ላይ ጨርሳ ጣውላውን ገፋ አደረገችለት።

ነርሷ እያጉረመረመች፣ እሱ መስኮቱ ሥር ጣውላውን ጥቁር ቀለም ቀባ፤ ወረቀት አልብሶ ጀርባውን በማንኪያ አሸት አሸት አደረገና ገለጠው። የራሷ ፊት ነው። ጉንጩ ተቦጫጭቋል፣ ዓይኖቹ ፈጠዋል፣ አፉን ደግሞ ከጆሮ እስከ አገጭ መሮው ቦርቡሮ ያለፈበት አንድ ነጭ ጭረት ሰንጥቆታል።

ወይ ጣጣ! ጭረቱ "ተዉኝ" ነው? "ይሄን አፍ ክፈቱልኝ" ነው? ወይስ የግራ እጅ ነገር፣ መሮው አምልጧት ነው? ኤግዚቢሽን ላይ "ይቺ መስመር ስህተት ናት?" የሚል ሲመጣ ደሙ የሚፈላው እሱ ነበር። "የሷ እጅ ሳያስብ እንጨት አይነካም!" እያለ ስንቱን አሳፍሯል።

"የኔ እመቤት፣ አምልጦሽ ነው?" ነቀነቀች።

"አውቀሽ ነው?" ነቀነቀች።

ጨነቀው። ጭረቱ ባይኖር አፉ ምን ይመስል እንደነበር ልየው ብሎ ጣውላው ላይ የተቦረቦረውን በሰም ደፈነው፤ እንደገና አተመ። በሠላሳ ዓመት የሷን ቅርጽ ሲነካ የመጀመሪያው ነው። በአዲሱ ወረቀት ላይ አፉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እየጮኸ ይሁን እየሳቀ ግን አይለይም።

ይዞላት ሄደ። አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ኧረ በናትሽ! እምቢ ማለትሽ ነው? ወይስ ሥራዬን ነካህብኝ ነው?"

አሁን መነቅነቁንም ተወችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። "እሺ፣ ምን አሉ?"

"እሺ ብላለች" አለ ባልየው፤ ዋሸ። ፈረመም። አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት ከጎን ከጎኗ እየተራመደ "ይቅር በይኝ" ይላታል። ለውሸቱ ይሁን ሥራዋን ለመንካቱ ራሱም አላወቀም፤ እሷም አልዞረችለትም።