በአቡጀዲ ላይ የተሟገቱት ባልና ሚስት

የደብረ ታቦሩ ልብስ ሰፊ ሸሪፍ «ፈረንሳይኛ እንደ ውኃ እጠጣለሁ» ይል ነበር። ጅቡቲ መሄዱስ እውነት ነው። የቆየው ግን አሥራ አንድ ቀን ሲሆን፣ ዘጠኙን ወባ ይዞት ተኝቷል። በቀሩት ሁለት ቀናት አሣ ነባሪ በጆሮው ይዞ ከባሕር አወጣ፤ ምስክሩ ራሱ ነው።

የፈረንሳይኛው ወሬ የጣልያኑ ሻምበል ዘንድ ደረሰ። ሻምበሉ የሸሪፍን የስፌት መኪና ለወታደር ሱሪ ብሎ ወስዶበት፣ ሸሪፍ ሁለት ወር እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። አሁን ደግሞ የሠራዊቱን ሰልፍ ለአገሬው ሊያሳይ ሲኒማ ቢያስመጣ፣ በስሕተት የፈረንሳይ ፊልም መጣለት። ሕዝቡ በአዋጅ ተጠርቷል፤ ወደ ኋላ ማለት የለም።

«አንተ ተርጉም» አለው። «ሰው እስከ መጨረሻ ተቀመጠ፣ መኪና ያንተ። ሰው ወጣ፣ አንተም መኪናም ካምፕ።»

ቅዳሜ ቀትር ላይ የእህል መጋዘኑ መስኮት በስልቻ ተደፍኖ አቡጀዲ ተወጠረ። አቡጀዲው ላይ ሸሚዙን ያልቆለፈ ፈረንጅ ብቅ አለ።

«ይህ ሰው» አለ ሸሪፍ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሰባት አንበሳ የገደለ ጀግና ነው!»

«የታለ አንበሳው?» አለች ሽንኩርት ነጋዴዋ ማሬ። «ሽንኩርት እየላጠ አይደለም እንዴ? ያውም አላወቀበትም።»

«አንበሳው ኋላ ይመጣል፣ እትዬ ማሬ።»

አልመጣም። ሰውየው ጠጣ፤ ሚስቱን ዋሸ፤ ተኛ። ሚስቲቱ ጎረቤቷ እያየቻት በመስኮት ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ተሳሳቀች። ጦር የለ፣ ፈረስ የለ። ሰው ልብሱን እያራገፈ ይነሣ ጀመር።

ሸሪፍን ላብ አጠመቀው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት አለቀበት።

«ወገኖቼ» አለ፣ ሻምበሉ ከትእዛዝ በቀር አማርኛ እንደማይሰማ ያውቃልና፣ «አንበሳ የለም። ፈረንሳይኛም አላውቅም። ግን ባልና ሚስት ተጣልተው እዚህ ድረስ መጥተዋል። አገራቸው ሽማግሌ የለ! ሳትፈርዱ ልትወጡ ነው?»

ከፋርጣ እስከ ደራ ሲያስታርቁ ያረጁት አያ አያሌው ከበሩ ተመለሱና ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ሰውም ተከተላቸው።

«የባል ጠበቃ ማን ነው?» አሉ አያሌው።

«እኔ» አለ ሸሪፍ።

«የሚስት እኔ!» ማሬ ብድግ ስትል ቀሚሷ ከእህል ሣጥኑ ሚስማር ጋር ተያይዞ ተተረተረ፤ ልብም አላለችው። «ይስሙኝ አያ አያሌው! ይህ ሰካራም አንድ ቀን እንኳ አይዞሽ ብሏታል?»

«ከጋጋሪ ጋር መሣቅስ ደግ ነው?»

«ጥርሷን እንጂ ልቧን አየህ? ሲታመም በሻሽዋ ግንባሩን ያሰረችለት ማን ናት?»

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። በጩኸቱ የመጋዘኑ ጣራ አንድ ክንድ ተነሥቶ ተመለሰ። ሚስቲቱም ከደጃፏ ላይ፣ ሳትወጣም ሳትገባም እንደ ቆመች አቡጀዲው ነጭ ሆነ።

«ፊኒቶ! አለቀ! ወደ ቤት!» አለ ሻምበሉ።

«ተቀመጥ አንተ!» አያሌው በከዘራቸው መሬቱን መቱት። «ጎረቤቲቱ ያየችው በጫጫታ አመለጠን። ምስክር ሳይጣራ አይፈረድም፤ መልስና አሳየን!»

ሻምበሉ ቃሉ ባይገባውም ከዘራው ገባው። ተቀመጠ። ፊልሙም ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ በሦስተኛው ሻምበሉ ራሱ እጁን አውጥቶ ለሚስቲቱ መሰከረ።

«ሁለቱም በድለዋል» ብለው ፈረዱ አያሌው። «አስቀድሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ግን ባል ነው!»

በእልልታ ተወጣ። ሁለት ወታደሮች የስፌት መኪናውን ተሸክመው ገበያውን መሃል ለመሃል ሲያቋርጡ፣ ሸሪፍ ደረቱን ነፍቶ ከፊት ከፊት ይሄዳል።

«ተረትተሃል እኮ!» አለች ማሬ ከኋላው።

«ተረትቼ መኪናዬን ይዤ ገባሁ። ረትተሽ ምን ይዘሽ ገባሽ?»

«የተቀደደ ቀሚስ!»

ሸሪፍ መኪናውን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ክሩን በመርፌው ዓይን አሾለከ። ከሁለት ወር በኋላ መጀመሪያ የሰፋው የማሬን ቀሚስ ነበር፤ ጫፉ በእጁ፣ የቀረው ከላይዋ ሳይወልቅ፣ እሷም ቆማ «አጥብቀው!» እያለች።