የእትዬ ጥርስ ልክ

የጥርስ ሐኪሙ ሁለተኛውን ልክ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አገላበጠው። ሐምራዊው የልክ መውሰጃ ሊጥ የታላቅ እህቱን ጥርሶች አንድ በአንድ ቀድቷቸዋል፤ ክራውን የሚባለውን የጥርስ ቆብ ሊለብስ የተሞረደው ጥርስ ጋ ሲደርስ ግን ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት መስመር ተዛንፎ ሁለት ሆኗል። ሊጡ እስኪጠነክር ድረስ አፍ ውስጥ ሊጡን የያዘው ትሪ ነቅነቅ ካለ እንዲህ ነው። በዚህ ልክ የተሠራ ክራውን ደግሞ አይገጥምም፤ ቢገጥምም ከሥሩ ምግብ እየገባ ጥርሱን ያበሰብሰዋል።

«ሊጡ ነው፤ የአሁኑ ዕቃ አይረባም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አጠገቡ የቆመችው ረዳቱ ነርስ ጓንቷን አየች። ባለፈው በምራቅ፣ ከዚያ በፊት በታካሚው ምላስ አሳቦ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ስንቱን ፈሪ አፉን ያስከፈተ ሰው፣ የራሱ ሲሆን ጭጭ። ታካሚዎቹ «እጀ ቀላሉ» ይሉታል። ከዚህ እጅ ሌላ ሀብት የለውም፤ ሌላ ሥራም አያውቅም።

«አንዴ ብቻ፣ እትዬ። የመጨረሻ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ መንጋጋዬን ልታወልቀው ነው» ብላ ሳቀችና ከፈተችለት።

ትሪውን አስገብቶ በሁለት ጣቱ ጫን አለው። ክንዱን ከጎኑ አጣበቀ፤ ትንፋሹን ዋጠ። መጀመሪያ ደህና ነበር። ኋላ አውራ ጣቱን ያ ነገር ጀመረው፤ ዓይን እንኳ ልብ የማይለው ትንሽ መንቀጥቀጥ። እትዬ ግን በጥርሷ በኩል አጥንቷ ድረስ ተሰማት። አፏ ታፍኖ መናገር ስላልቻለች እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ።

«አመመሽ እንዴ?»

በዓይኗ «የለም» አለችው።

ሊጡ ሲጠነክር አወጣው። መስመሩን ማየት እንኳ አላስፈለገውም።

«መቼ ጀመረህ?» አለች፣ አፏን ሳትጠርግ።

«ምኑ?»

«አባባን፣ እጁ አልታዘዝ ካለው ጊዜ አንስቶ እስኪሞት ድረስ በማንኪያ ያበላሁት እኔ ነኝ። ይሄን መንቀጥቀጥ አላጣውም።»

እሱም ያውቅ ነበር። ከሰው አፍ ሲሰማው ግን የወንበሩን ጠርዝ ያዘ።

«አዲስ ሊጥ በጥብጪልኝ» አላት ነርሷን። ነርሷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ክፈቺ፣ እትዬ። በእናታችን ይዤሻለሁ።»

ከልጅነቱ ጀምሮ ለምኗት እምቢ ብላው የማታውቀው እህቱ፣ እያለቀሰች ከንፈሯን ግጥም አደረገች።