የቱ ጋ ነው የወደቅሽው?

በዚያ ትምህርት ቤት ከፀጉር አሠራር እስከ ጫማ ማሰሪያ ድረስ ሕግ ያልወጣለት ነገር የለም። ከሁሉም የሚከብደው ግን የቀለም ሕግ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ሰማያዊ፣ ከዘጠነኛ ጀምሮ አረንጓዴ ይለበሳል። ግቢው አንድ፣ በሩም አንድ ሲሆን፣ ከበሩ እንደተገባ ሰማያዊ ለባሹ ወደ ግራ፣ አረንጓዴ ለባሹ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ስለዚህ ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ልብስ ማየት ይበቃል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው በዕድሜው አንድም ጊዜ እንዳልወደቀ ያስታውቃል።

ጩጬ ወድቃለች። ጩጬ የሚሏት ከእኩዮቿ ሁሉ አጭር ስለሆነች እንጂ ዕድሜዋስ አሥራ አምስት ሊሞላ ነው። የወደቀችውም በስንፍና ብቻ አይደለም፤ በሳቅም ነው። የልብ ጓደኛዋ መቃ፣ ቅጽል ስሟ እንደሚናገረው ረዘም ቀጠን ያለች ልጅ፣ የሰው ድምፅ በማስመሰል የተካነች ናት። የሒሳብ አስተማሪውን ሳል፣ የርዕሰ መምህሯን ቁጣ፣ የዘበኛውን ማዛጋት ሳይቀር እያስመሰለች የኋላው ወንበር ላይ ዓመቱን ሙሉ ስታስቃት ከረመች። መቃ እያሳቀችም በአንድ ጆሮዋ ትምህርቱን ትሰማለች። ጩጬ ግን መሳቅ ከጀመረች ሁለቱም ጆሮዎቿ ይዘጋሉ። እናም አብረው ስቀው ለብቻዋ ወደቀች።

ውጤቱን ያየችው እናቷ ብቻ ናት። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ወረቀቱን አጣጥፋ ከትራሷ ሥር ከተተችና፣ “ይሄ የእኔና የአንቺ ገመና ነው። ለአክስትሽ እኔ ራሴ እስክነግራት ድረስ አፍሽን ዝጊ” አለቻት። ከዚያም ክረምቱን ሥራ ትማር ብላ ወደዚያችው አክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ላከቻት። እነግራታለሁ ያለችውን ግን ዛሬ ነገ እያለች አቆየችው። ደግሞ አይፈረድባትም። የአክስትየዋ ምላስ ከመቀሷ ይሰላል። “ልጅሽን አሞላቀቅሻት!” ስትባል ለኖረች እናት፣ እንዲህ ያለ ወሬ ይዛ መሄድ ለመቺዋ ዱላ እንደማቀበል ነበር።

ስፌት ቤቷ አንድ ክፍል ናት። በመስኮቱ ሥር ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ መሐል ላይ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት በመጋረጃ የተጋረደ ቦታ አለ። ጩጬ መጀመሪያ መተርተር ብቻ ነበር የተፈቀደላት። ከዚያ ቁልፍ መትከል፣ ከዚያ ጠርዝ መዘምዘም ተማረች። እጇ ሳይታሰብ ፈጠነ። ክረምቱ ሲጋመስ ቤቱ በሁለት ቀለም ጨርቅ ተሞላና የክፍሏ ልጆች እየተሳሳቁ መጡ፤ ሁሉም ለአረንጓዴ ነበር። የወገባቸውን ዙሪያ በሜትር ይዛ ልካቸውን ጮክ ብላ ለአክስቷ የምትናገረው እሷ ነበረች። እያንዳንዳቸው፣ “የአንቺስ ተሰፋ?” ብለው ሲጠይቋት፣ “የሰፊ ልብስ መጨረሻ ነው የሚሰፋው” ትላለች። ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ግን መንጋጋዋን ያማት ነበር።

አንድ ቀን መቃ መጣች። በሩን ልታልፍ ጎንበስ ስትል አክስት ገና ከሩቅ አየቻት።

“አንቺ ልጅ! ዘንድሮም አደግሽ? ጨርቁ ባንቺ አለቀ እኮ!”

“ምን ላድርግ እትዬ፣ ውሃው ነው መሰለኝ” አለች መቃ። “የጩጬንስ ቆረጡላት?”

“የእሷማ የእኔ ስጦታ ነው። ስላለፈች ጉርዱንም ሰደርያውንም በነጻ ነው የምሰፋላት። ካንቺው ጣቃ ቆርጬ መንታ ነው የማስመስላችሁ።”

“መንታ? አንዷ ቀጭኔ፣ አንዷ ጥንቸል!” መቃ ራሷ ሳቀችና ወደ ጩጬ ዞረች። “ስሚ፣ የዘጠነኛን ክፍል በመስኮት አይቼዋለሁ። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ወንበር አለ፣ ለእኔና ላንቺ የተሠራ። በጠዋት ገብቼ እይዝልሻለሁ።”

ጩጬ በዚያች ደቂቃ ልትናገር ፈልጋ ነበር። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን “እሺ” የሚል ቃል ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። አንዴ “እሺ” ያለ ሰው ሁለተኛውን “እሺ” ለማለት አይቸገርም። እውነቱን ብትናገር መቃ ዳግመኛ ዞር ብላ የማታያት፣ የስምንተኛ ክፍል ጩጬዎች መሐል ተቀምጣ ጩጬነቷ እውነት የሚሆንባት መሰላት። ይህንን ነበር የፈራችው፤ ከመውደቁ ይልቅ መቃን ማጣቱን።

በማግስቱ አክስቷ፣ ጩጬ የራሷን ሰደርያ ራሷ እንድትቆርጥ ጨርቁን ዘረጋችላት። “ጨርቅ እንደ ሰው ፊትና ጀርባ አለው። ሁለቱን ፊቶች አጋጥመሽ እጠፊና አንዴ ቁረጪ፤ ያኔ ቀኝና ግራ ይወጣልሻል” አለቻትና ክር ልትገዛ ወጣች። ጩጬ ይህንን ለሌሎች ልጆች ደጋግማ ሠርታዋለች። የዚያን ቀን ግን ጨርቁን ሳታጥፍ አንዱን ቁራጭ ቆረጠች፤ ሁለተኛውንም ሳትገለብጥ በዚያው ላይ ደገመችው። ሆን ብላ ነው ወይስ ሐሳቧ ሄዶ? እሷ ራሷ ብትጠየቅ አታውቀውም። አክስቷ ተመልሳ ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን ስታደርጋቸው ሁለቱም የግራ ጎን ሆኑ።

“ጉድ በል!” አለች አክስት። “በይ እንግዲህ ሁለት ግራ ጎን ያለው ሰው ፈልጊልኝና እናለብሰዋለን።”

ጣቃው አልቆ ነበርና ጩጬ ነገሩ በዚሁ የሚያበቃ መስሏት በሆዷ ደስ አላት። ነገር ግን ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። አክስቷ ቁም ሣጥኗን ከፈተችና በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ አረንጓዴ ጨርቅ አወጣች። ለስላሳ፣ ወፍራም፣ ዓይን የሚስብ ጨርቅ ነበር።

“ለራሴ ካፖርት ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። እኔ ምን አለብኝ፣ አሮጌውን እለብሳለሁ። የእህቴ ልጅ አልፋ ባዶዋን ትግባ እንዴ?”

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችና በደረቅ ሳሙና ቁራጭ መስመሩን ማስመር ጀመረች። ይሄኔ መቃ ልትለካ ከተፍ አለች። አክስት ለጊዜው በክር የተወሰወሰውን ጉርድ ወገቧ ላይ በስፒል አያያዘችላትና፣ “መጋረጃው ውስጥ ሆነሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ መስመሬን ልጨርስና እመጣለሁ” አለቻት። መቃ ከመጋረጃው ጀርባ ማንጎራጎር ጀመረች። አክስት መቀሱን አነሣች። ጩጬ መቀሱ አፉን ሲከፍት አየች።

“አክስቴ፣ አትቁረጪው።”

“ምነው?”

“ወድቄያለሁ።”

መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ተወረወረ። “ውይ በሞትኩት! መቼ? ያ የደጃፉ ደረጃ ነው አይደል? ስንቴ አስተካክሉት ብያቸው ነበር!” አክስት የሚያማትን ወገቧን ረስታ መሬት ላይ ተንበረከከችና የጩጬን ቀሚስ ገለጥ አድርጋ ጉልበቷን ታገላብጥ ጀመር። “የቱ ጋ ነው የወደቅሽው? እስቲ አሳዪኝ! እዚህ ጋ ያምሻል? እዚህ ጋስ?”

ያ ሸካራ ጣት ምንም ያልሆነውን ጉልበቷን በስስት ሲዳብስ ጩጬ አልቻለችም። ክረምቱን ሙሉ የያዘችው እንባ ተዘረገፈ።

“ፈተና ነው አክስቴ። ፈተና ነው የወደቅኩት። ስምንተኛን ልደግም ነው።”

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ማንጎራጎር ቆመ። ጩጬ መቃ እዚያ መኖሯን ያስታወሰችው ያኔ ነው። መጋረጃው ተገለጠና መቃ ወጣች። ጩጬን አየቻት። ጫማዎቿን በእጇ አንጠልጥላ፣ በተወሰወሰው ጉርዷ እንዳለች፣ በሩን አልፋ ሄደች።

“አንቺ ልጅ! ስፒሉ ይወጋሻል!” ብላ አክስት ብትጣራም የሰማት አልነበረም።

አክስት ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች። ጩጬ የስድብ ናዳ ጠበቀች፤ ያ የሰላ ምላስ ግን ዶለዶመ።

“እናትሽ ታውቃለች?”

“ታውቃለች።”

“የእሷን ከእሷ ጋር እንጨርሳለን።” የጩጬን እንባ በመዳፏ ጠረገች። “ይሄን በሆድሽ ይዘሽ ነው ክረምቱን ሙሉ የሰው አረንጓዴ ስትሰፊ የከረምሽው? አይ ልጄ! አይ የኔ ምስኪን!” ብላ አቀፈቻት። እጇ ደረቅ ሳሙና ይሸት ነበር።

ጩጬ ቀና ስትል አክስቷ ሜትሯን አንሥታ እንደገና ትለካለች። ከመስመሩ በታች አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋ ሌላ መስመር አሰመረችና መቀሱን ያዘች።

“ለምን ትቆርጪዋለሽ? ለካፖርትሽ አይሻልም?”

“ለከርሞ ነው።”

“ለከርሞ እኮ አድጋለሁ።”

“እኔስ ምን አልኩ? ለዚያ አይደል ትርፍ የተውኩት!” አለችና ቆረጠችው።

አረንጓዴው ጉርድ ትርፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፋና ከሰደርያው ጋር ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተሰቀለ። የመቃን ጉርድ እናቷ በማግስቱ ስፌት ቤት አምጥታ ጥላው ሄደች። መቃ ብቅ አላለችም። ጩጬ ያንን ጉርድ በራሷ እጅ ጨረሰችው። ጠርዙን ዘምዝማ፣ አልወደድ ሲላት ተርትራ፣ እንደገና ዘመዘመችው። የመቃ እናት ልትወስደው ስትመጣ ጩጬ፣ “መቃ ደህና ናት?” ብላ ጠየቀች። “እኔ እንጃ ልጄ፣ ሰሞኑን አኩርፋለች። ማንን እንደሆነ አትናገርም” አለቻት። ጩጬ ማንን እንደሆነ የምታውቅ መሰላት።

የራሷ አሮጌ ሰማያዊ ጉርድ አጥሯት ነበርና እጥፋቱ ተለቀቀ። ዓመቱን ሙሉ ታጥፎ ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ከታች እንደ ቀበቶ ጠቁሮ ወጣ። አክስት በካውያ፣ በእንፋሎት፣ በእርጥብ ጨርቅ ታገለችው፤ አልለቅ አለ። ማንም ያየው የአምና ጉርድ መሆኑን ያውቃል።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ በየዓመቱ በመስኮቷ ሥር “ጩጬ!” ብሎ የሚጣራው ድምፅ አልመጣም። ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ለብቻዋ ወጣች። መንገዱ በሙሉ ሰው ሁሉ ያንን ጥቁር መስመር የሚያይ ይመስላት ነበር። የትምህርት ቤቱ በር ስትደርስ አረንጓዴና ሰማያዊ ይተራመሳል፤ ከሁሉም በላይ አንድ ረጅም አንገት ወጣ ብሎ ይታያል። ጩጬ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ አለች። አዲስ አረንጓዴ ጉርድ መንገዷን ዘጋባት።

“ጩጬ።”

“እ?”

መቃ በዚያ ርዝመቷ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አቧራው ላይ ተንበረከከች። የጩጬን ጉልበት በሁለት እጇ ያዘችና በአክስቷ ድምፅ፣ በዚያው ሸካራና ችኩል ድምፅ፣ “ውይ በሞትኩት! የቱ ጋ ነው የወደቅሽው? እስቲ አሳዪኝ! እዚህ ጋ ያምሻል? እዚህ ጋስ?” አለች።

ጩጬ ሳቋ አመለጣት። እየሳቀች ወደ ታች ስታይ ግን የመቃ ዓይኖች እንባ ሞልተዋል።

“አኩርፈሽኝ ነበር እኮ” አለቻት ጩጬ።

“አንቺን? ራሴን ነው እንጂ! ወደቅኩ ስትይ መጋረጃው ውስጥ ክው ብዬ ቀረሁ።” አሁን የምትናገረው በገዛ ድምፅዋ ነበር። “እኔ አይደለሁ እንዴ የጣልኩሽ? ዓመቱን ሙሉ ሳስቅሽ እኔ እየሰማሁ፣ አንቺ ሳትሰሚ። በምን ዓይኔ ልይሽ?”

“አንቺ አሳቅሽኝ እንጂ መች ጣልሽኝ? የወደቅኩት እኔው ነኝ።”

ደወሉ ተደወለ። መቃ ስትነሣ የአዲሱ ጉርዷ ጉልበት አካባቢ በአቧራ ነጥቶ ነበር። ጩጬ ጎንበስ ብላ አራገፈችላት።

“ቀስ በይ፣ ጠርዙን እንዳትተረትሪው። የዘመዘምኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አለች መቃ። “ሁለቴ ነው የዘመዘምሽው፤ የመርፌው ቀዳዳ ይታያል።”

በሩን አብረው አለፉ። ከዚያ መቃ ወደ ቀኝ፣ ጩጬ ወደ ግራ ታጠፉ።