ክፍሎም ድልድዩን ሲሻገር

ወንድሜ ክፍሎም ራስ መኮንን ድልድይ መሐል ሲደርስ መሬቱ ከዳው። አልጮኸም። እጆቹን እያወዛወዘ፣ እንደ መራመድ እያለ፣ አስፋልቱ ውስጥ ሰጠመ። ከድልድዩ ሥር ወንዝ መኖር ሲገባው ግራጫ ባዶ ነገር ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ እየራቀ፣ እያነሰ፣ አሁንም እየተራመደ ወደቀ። ማቆሚያውን ባልጫን እስከ ዓለም ፍጻሜ ይወድቅ ነበር።

«ጀለስ፣ ይኼማ የአዲስ አበባ መንገድ ነው» አለ ከኋላዬ የቆመው ዘይኑዲን። «ጉድጓዱን ሳይቀር ሠርተህለታል።»

ዘይኑዲን ከድልድዩ ከፍ ብላ ባለች ሱቅ ስልክ ይጠግናል። ጓደኛ አለህ ወይ ብትሉኝ የምጠራው እሱን ብቻ ነው። ለምሳ ሲዘጋ ቤት ይመጣና በስክሪኑ ላይ የሚሆነውን እያየ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። ድልድዩን ድንጋይ አስመስዬ ቀብቼዋለሁ፣ ግን ጠጣር መሆኑን ለፕሮግራሙ መንገር ረስቻለሁ። ካልነገሩት ድንጋይም ለእሱ አየር ነው።

የምሠራበት ጌም ኢንጂን የሚሉት ነው፤ ጌም ለመሥራት የተሠራ፣ በነጻ የሚወርድ ፕሮግራም። ሰው፣ ቤት፣ ፀሐይ ታስቀምጥበታለህ። እኔ ግን ጌም አልፈለግኩም። አጭር አኒሜሽን ነበር የፈለግኩት፤ አንድ ሰው ከአራት ኪሎ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዳገት ወጥቶ፣ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ። ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ግን ይህ አይገባውም፤ ሁልጊዜ ተጫዋች ይጠብቃል። «ጀምር» ስለው ክፍሎምን ድልድዩ ጫፍ ላይ ያቆመውና ዝም። ክፍሎምም ቆሞ ይተነፍሳል፤ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል። አንድ ሰው ቁልፍ ተጭኖ እስኪያስኬደው ይጠብቃል። አንዳንዴ እኔም ሳልጫን ዝም ብዬ አየው ነበር።

ክፍሎም ወደ መቐለ የሄደው ጦርነቱ ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ አክስታችን ታማ ሊጠይቅ። ከዚያ ስልክ ተዘጋ። ስልክ ሲከፈት የሁሉም ሰው ስልክ ጮኸ፣ የእኛ አልጮኸም። አክስታችን ራሷ ድና ደወለች፤ «ከቤቴ ከወጣ በኋላ አላየሁትም» አለች። ሌሎች ዘመዶቻችን የየራሳቸው ሰው መርዶ ተነገራቸው። ለእናቴ ለብርኽቲ ማንም ምንም አላላትም።

«መርዶ ያልተነገረለት ሰው አልሞተም» ትላለች እማ፤ አለቀ።

መርዶ ደግሞ እንደ ወሬ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ቁርስ ሳይቀምስ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ እማ ማለዳን ትፈራለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ጨው ልትዋስ በጠዋት ብታንኳኳ፣ እማ በሩን ከፍታ ሳትናገር ደፉ ላይ ተቀመጠች። ደብሪቱ ጨውዋን ረስታ እያለቀሰች ተመለሰች።

የደብሪቱ ባል የሞተ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ለቀብር የወጣች ሴት ሁሉ የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ ገልብጣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር። እማ ብቻ እንደ ሰርገኛ ጥለቱን ወደ ታች ለቃ ሄደች። ሴቶቹ ተጠቋቆሙ። «ደብሪ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት፤ «እኔ አንዴ ካዞርኩት የሚመለስ አይመስለኝም።»

ሰፈሩ ሲፈርስ ነው ነገሩ የባሰው። እኛ ያለንበት ግቢ ሳይፈርስ ቀረ፤ ከፊትና ከኋላችን ያለው ሁሉ ሄደ። ዳቦ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ክፍሎም ኳስ የሚለጋበት የቆርቆሮ አጥር፣ ሁሉም። እማ፣ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍና ሻማ ሸጣ ስትመለስ በአዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች።

«መጥቶ ቢሆንስ፣ ሉሌ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ከታክሲ ወርዶ፣ ሰፈሩን ሜዳ ሆኖ ሲያየው፣ እነ እማ ተነሥተዋል ብሎ ተመልሶ ቢሆንስ?»

ከዚያ ወዲህ ምግብ ትታ ማሰብ፣ ማሰብ፣ ማሰብ ሆነ። ጠብቃ ጠብቃ መጠበቁ ራሱ ሊያልቅባት ነው ብዬ ፈራሁ። ያኔ ነው አሮጌውን መንገድ መልሼ ልሥራው ያልኩት። ዳቦ ቤቱን ከነተላጠ ቀለሙ፣ አጥሩን ከነቀዳዳው። ክፍሎም በዚያ ሲመጣ፣ ሳይጠፋው ሲደርስ አንድ ጊዜ ታየው፤ ከዚያ በኋላ እሷም ትንሽ ትቆይልኛለች። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ጣሪያ እያየሁ ብዙ ነገር አልሜያለሁ። እስከ መጨረሻው ልሥራው ብዬ የተነሣሁት ይህን ብቻ ነው።

ለጥር ሥላሴ እንዲደርስ አሰብኩ። በየዓመቱ ያን ዕለት ለክፍሎም ትሳላለች።

ድልድዩን አጠነከርኩት። ክፍሎም ዳገቱ ላይ ሲደርስ እግሩ በረዶ ላይ እንዳለ ተንሸራተተ፤ እሱንም ቀስ በቀስ አቃናሁ። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠው ሥራ ሁሉ ይሄዳል፤ እንደገና እሠራለሁ። ኮምፒውተሩ ሲግል ካርቶን አራግብለታለሁ።

ነጠላው ግን ገደለኝ።

እናቴ በር ላይ ያለ ነጠላ ቆማ አይቻት አላውቅም። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ በር ላይ የምትቀበለውም እናት ነጠላ መልበስ አለባት፤ ነጠላው ደግሞ እንደ ጨርቅ መርገብገብ አለበት። ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምረው ህንዳዊ ልጅ «በጣም ቀላል ነው» ይላል። እሱ የሚያለብሰው የጀግና ካባ ነው። የእኔ ነጠላ አንዴ በአንገቷ ውስጥ አልፎ በጀርባዋ ይወጣል፣ አንዴ እንደ ላስቲክ ሰማይ ድረስ ይለጠጣል፣ አንዴ ተጠቅልሎ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል።

«እናትህን ጂኒ አደረግሃት» አለ ዘይኑዲን። «በቃ ሹራብ አልብሳት፣ ላሽ እንበል።»

«ሹራብ ለብሳ ልጇን አትቀበልም።»

«አንተ ፋራ፣ ልጁ ከመጣ ፎጣ ለብሳም ትቀበላለች!»

ሳቅን።

ጨርቁ እንዳይበር አንዱ ጠርዝ ትከሻ ላይ መሰካት አለበት። እኔ የሰካሁት ሜዳውን፣ ጥለት የሌለውን ጠርዝ ነበር፤ ጥለቱ ወደ ታች እንዲንጠለጠል። ጥለቱን ግን ቀለሙ እንዲያምር ብዬ እጅግ በጥቃቅኑ ስለከፋፈልኩት፣ ሲንቀሳቀስ ፕሮግራሙ ማስላት ያቅተዋል፤ ያብዳል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ተስፋ ቆርጬ ልዘጋው ስል፣ የሚያብደውን ጠርዝ ራሱን ብሰካውስ አልኩ። ገለበጥኩት። ጥለቱን ትከሻዋ ላይ ሰካሁ፣ ሜዳውን ለቀቅኩት። «ጀምር» አልኩ።

ነጠላው ረጋ። ነፋስ ሲነካው እንደ እውነተኛ ነጠላ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ደረቷ ላይ ወረደ።

«ኧረ ወላሂ እትዬ ብርኽቲ ራሷ ናት!» ብሎ ዘይኑዲን ራሴን ያዘኝና ሳመኝ። ዘለልን። እኔ ያየሁት ያልበረረ ጨርቅ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ጠርዝ፣ ነጥብና መስመር ብቻ ሳይ ከርሜ ዓይኔ ነጠላ ማየት አቁሞ ነበር።

የሥላሴ ዕለት እማ ከንግሥ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። የጸበል ዳቦ በመሐረብ ይዛለች። ወንበር ስቤ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳት።

«ምንድነው? ቤት ውስጥ ሲኒማ ከፈትክ?»

«ዝም ብለሽ እይ።»

ድልድዩ መጣ። ወዲያው አወቀችው። ክፍሎም ቦርሳውን በአንድ ትከሻ አንጠልጥሎ ተሻገረ፤ እንደ ልማዱ ቀኝ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ። እማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አረማመዱ» አለች፤ «ወደይ፣ አረማመዱ!» ልጄ ማለቷ ነው፤ ሆዷ ሲባባ ትግርኛዋ ይመጣል። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሳቀች። «ይኼ ሁልጊዜ ዱቄት አለቀ የሚለው ሰውዬ ጋ! አጥሩንም አልረሳኸው!» ዳገቱን ወጣ። ግቢያችን ታየ። በሩ ተከፈተና የሠራኋት እናቴ እጆቿን ዘርግታ ወጣች።

እማ መሳቋን አቆመች።

ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ደብሪቱ ጨው ልትዋስ ባንኳኳችበት ማለዳ የነበራት ፊት ነው።

«መቼ ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ሉልሰገድ፣ መቼ ሰማህ? ማን ነገረህ?»

ስሜን ሙሉውን ከጠራችው ስንት ጊዜ ሆነ። እኔ አሁንም አልገባኝም። ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ የዚያች ሴት ትከሻ ላይ አደረገች። ቀዩና ወርቃማው ጥለት አንገቷ ሥር ተኮልኩሏል፤ ወደ ላይ።

«እማ፣ አይደለም! ስህተት ነው። ጨርቁ እንቢ ብሎኝ ነው። ጥለቱ ታች ሲሆን ይበራል፣ በሥላሴ!»

«አፍህ አልችል ሲል ነው በዚህ የነገርከኝ።»

«አልሰማሁም! ማንም ምንም አላለኝም! ዘይኑዲንን ጠይቂው!»

ልታምነኝ ፈልጋለች፤ ያን አየሁ። «እሺ» አለች በመጨረሻ፣ እጆቿን ጭኖቿ መሐል ከትታ። «ስህተት ከሆነ መልሰው። እዚሁ፣ እኔ እያየሁ።»

መለስኩት። ሜዳውን ጠርዝ ትከሻዋ ላይ ሰካሁ፣ ጥለቱን ወደ ታች ለቀቅኩ። «ጀምር» አልኩ። ክፍሎም ዳገቱን ወጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ነጠላው ተፈናጥሮ ከራሷ ላይ ወደ ሰማይ በረረ። እንደገና አስተካከልኩ። በደረቷ ውስጥ ሰጠመ። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ሌላ ሞከርኩ፣ ሌላም። እማ አንዱንም ሳታሳልፍ ታያለች። ክፍሎም ይመጣል፤ እሷ በር ላይ ትወጣለች፤ ነጠላው ይገነጠላል።

ነጠላውን ጨርሼ አጠፋሁት። የሠራኋት እናቴ ራሷን ሳትሸፍን፣ ባዶ ትከሻዋን በር ላይ ቆመች።

«እንደ እብድ?» አለች እማ በዝግታ።

«ነገ አስተካክለዋለሁ። ጥለቱን ብቻ እንደገና ብሠራው...»

«ተወው፣ ወደይ። ጨርቁም እንቢ አለ።» ተነሥታ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችኝ። እሷ አልቀመሰችም።

በማግስቱ ሻማዋን ሳትይዝ ወጣች። በመስኮት አየኋት። ግቢው መሐል ቆማ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ዘረጋችው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ አጣፋችው። ጥለቱ ወደ ላይ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ባልዲዋን ይዛ ከቧንቧው ስትመለስ አየቻትና ባልዲውን ለቀቀችው። ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ።

ከቀትር በፊት የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ግቢያችንን ሞሉት። ሰው ይገባል፣ እጄን ይጨብጣል፣ «ያጥናችሁ» ይላል። እኔ «አልሞተም እኮ፣ የሰማ የለም» እላለሁ። እነሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሐዘን ነው የሚያናግረው ብለው።

«ማን አረዳት?» አለች አንዷ ሴት ከበስተጀርባዬ።

«ልጇ ነው አሉ። በቪዲዮ።»

«እሰይ የኔ ጨዋ። እንዲያ ቀስ አድርጎ ነው እንጂ።»

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረአብ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «የከበደንን ነገር ሠራህልን፣ ልጄ» አሉኝ። «እንዴት እንጀምረው ብለን ተማክረን ተማክረን እየፈራን ነበር የምንበተነው።»

«ጋሽ ገብረአብ፣ ሰምተው ነበር እንዴ?»

«ምን ይሰማል? ዝምታው አይበቃም?»

ዘይኑዲን መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ሊቀልድ አልሞከረም። ነገሩን ከሰዉ ሰምቶ ኖሮ መሬት መሬት ያያል።

ከሰዓት በኋላ እማ ከሴቶቹ መሐል ጠራችኝ። ድምፅዋ በለቅሶ ሻክሯል። «ሉሌ፣ አምጣው። ይዩት። ሲመጣ ይዩት።»

እንቢ ማለት አልቻልኩም። ስክሪኑን ወደ በሩ አዞርኩት። የመጀመሪያውን፣ ነጠላው የረጋበትን ከፈትኩ። ክፍሎም ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል፤ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል።

«ለምን አይሄድም?» አለች እማ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ክፍሎም ሄደ። ድልድዩ ቻለው። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ደብሪቱ «ወንድሜ፣ ሰፈራችን!» ብላ ደረቷን መታች፤ ከዚያ ሁሉም ለቅሶውን ተቀበሏት። ዳገቱን ወጣ። በሩ ተከፈተ። ጥለቷን ወደ ላይ ያደረገች እናት እጆቿን ዘርግታ ወጣች፤ አሁን ግቢው ውስጥ እንዳሉት ሴቶች ሁሉ ሆና፣ ምንም ስህተት የሌለባት። ክፍሎም ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ስክሪኑ ጠቆረ።

«መብራት ሄደ?»

«አይ፣ እማ። እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው።»

«አይተቃቀፉም?»

ስንት ጊዜ ሞክሬው ነበር። ሁለት ሰው ማስተቃቀፍ ከነጠላው ይብሳል። እጁ በጀርባዋ ውስጥ ይገባል፣ ፊቷ በደረቱ ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ተላልፈው እሱ ወደ ቤት፣ እሷ ወደ መንገድ ይቀራሉ። ለዚህ ነው እዚያ ጋ የቆረጥኩት።

«አይተቃቀፉም» አልኳት።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እንደገና እንዳስጀምረው በእጇ አሳየችኝ።